ፉርጎ በኪሎ ወይስ በታሪኩ?

ማለዳ በአየር ጤና ሰፈሮች «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ሲሰማ አሮጌ ብረት፣ የተሰበረ ዕቃና ባዶ ጠርሙስ ከየጓዳው ይወጣል። ዋጋው እዚያው በር ላይ ይቆረጣል። ዕቃው ከጥቂት ቀናት በኋላ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ንግድ ብረት የሚሸጠው በኪሎ ነው። ይሁንና ከአሮጌ ብረት መካከል ሚዛን የማይመዝነው ዋጋ ያለው ዕቃ አለ። ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆነው የጭነት ባቡር ፉርጎና በእሱ አምሳል የሚሠራው ትንሹ ፉርጎ ነው።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን አሮጌ የፉርጎ ሞዴሎችን መሰብሰብ የራሱ ገዢ፣ ሻጭና ጨረታ ያለው ገበያ ነው። የገበያው አጀማመር ለነጋዴ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1901 በኒውዮርክ ጆሹዋ ላየኔል ካወን የተባለ ሰው በኤሌክትሪክ የምትሽከረከር ትንሽ የእንጨት ፉርጎ ለሱቅ መስኮት ማድመቂያ ሠራ። ሐሳቡ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ፉርጎዋ የጫነችውን ሸቀጥ እንዲያይ ነበር። ደንበኞች ግን ሸቀጡን ትተው ፉርጎዋን ካልገዛን አሉ። ካወንም የገዢውን ፍላጎት ተከተለ፤ ላየኔል የተባለው ድርጅቱም በአሜሪካ ስመ ጥር የሞዴል ባቡር አምራች ለመሆን በቃ።

ለመሆኑ የአንድ አሮጌ ሞዴል ዋጋ በምን ይወሰናል? አንደኛው ይዞታው ነው። ቀለሙ ያልተነካ፣ ከመጀመሪያ ካርቶኑ ጋር ያለ ዕቃ ካርቶኑ ከጠፋበት በልጦ ይሸጣል። «አሳምረዋለሁ» ብሎ ቀለም የቀባው ሰው ዋጋውን አወረደ እንጂ አልጨመረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩ አንዳንድ ክፍሎች ደግሞ ቅይጡ ንጹሕ ስላልነበረ በጊዜ ብዛት እየተሰነጠቁ ይፈረፈራሉ። ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጎማውንና ሥረኛውን ክፍል ገልብጦ ማየት አለበት።

ሁለተኛው ብርቅነቱ ነው። ላየኔል እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በ6464 ቁጥር ያወጣቸው ዝግ ፉርጎዎች ሰብሳቢዎች ተከታትለው የሚያድኗቸው ናቸው። ቁጥሩ የአምራቹ የራሱ መለያ ቢሆንም፣ ቀለማቸውና ምልክታቸው የተቀዳው ከእውነተኞቹ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች ነው።

ሦስተኛው ከእውነተኛው ፉርጎ ጋር ያለው ዝምድና ነው። በአንድ ወቅት አሜሪካ ውስጥ ሥጋና ቢራ የሚያጓጉዙ የማቀዝቀዣ ፉርጎዎች ጎናቸው ሙሉ በነጋዴዎች ማስታወቂያ ይሸፈን ነበር። የአንዱ ቢራ ጠማቂ ስም በተጻፈበት ፉርጎ ሌላው ጠማቂ ዕቃውን ለመጫን ፈቃደኛ አይሆንም፤ ፉርጎውም ባዶውን ይመለሳል። ማስታወቂያው ለተከራዩ የተሰጠ ስውር ቅናሽ ነው የሚል ክርክርም ተነሣ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1934 የአገሪቱ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አሠራሩን ከለከለ። እነዚያ ፉርጎዎች ከሐዲድ ቢጠፉም ሞዴላቸው ዛሬም ይፈለጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቁጥራቸው፣ ሥዕላቸውና ታሪካቸው ተመዝግቦ ቆይቷል።

የእኛስ ፉርጎ? ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ይወርድ የነበረው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ሸቀጥም ወደ ለገሃር ይወጣ የነበረው በእነዚያ ፉርጎዎች ነው። ዛሬ ከአየር ጤና የጅማን መንገድ ይዞ የወጣ ሰው የሚያገኛት ሰበታ የሌላ ሐዲድ መነሻ ናት። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ አዲሱ የጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፣ የሐዲዱ ስፋትም ከድሮው የተለየ ነው።

ይህ የስፋት ልዩነት ለገዢ ጠቃሚ መለኪያ ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። በብዛት የሚሸጡት ሞዴሎች ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ልክ የተሠራ የድሮው መስመር ሞዴል በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ሲሄድ፣ የአዲሱ በ16 ሚሊ ሜትር ተኩል ላይ ይሄዳል። «የድሮው የኢትዮጵያ ባቡር ትክክለኛ አምሳያ ነው» ተብሎ በሰፊው ሐዲድ ላይ የቀረበ ሞዴል ልኩ አልተጠበቀም። ይህን ለማወቅ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ ይሰፋል። ሞዴል ሠሪ መነሻ ይፈልጋል። የፉርጎው ቁጥር፣ የአምራቹ ስም ያለበት ሰሌዳ፣ የተሠራበት ዓመት፣ በጎኑ የተጻፈው የጭነት ልክ ካልታወቀ አምሳያው ግምት ብቻ ይሆናል። ሰሌዳው ተነቅሎ ለብቻው፣ ብረቱ በኪሎ ለብቻው ሲሸጥ ሁለቱም ይከስራሉ። አንዴ የቀለጠ ብረት ደግሞ ቁጥሩን አይመልስም።

ስለዚህ አሮጌ የባቡር ዕቃ እጁ የገባ ነጋዴ፣ መብራትም ይሁን ሰሌዳ ወይም የልጆች መጫወቻ፣ ሚዛን ላይ ከማውጣቱ በፊት አራት ነገር ቢያደርግ ይጠቀማል። ፎቶግራፍ ያንሳ፤ በላዩ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር ይገልብጥ፤ ከማን፣ ከየትና መቼ እንደገዛ ይመዝግብ፤ አይቀባ፣ አይሞርድ። ለውጭ ገዢ ለመሸጥ ያሰበ ደግሞ አስቀድሞ ሕጉን ይጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም።

የቆራሌው ሚዛን የብረቱን ክብደት በትክክል ይናገራል። የቀረውን መናገር የሚችለው በዕቃው ላይ የተጻፈው ነውና፣ ከመሸጥ በፊት ማንበብ ይቀድማል።