የውይይት ሶፍትዌር፦ መስኮቱና ሞተሩ

አንድ ድርጅት አገልግሎቱን ሲያቋርጥ የምንወያይበት ፕሮግራም አብሮ መሞት አለበትን?

እ.ኤ.አ. በ1998 ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ የኤኦኤልን የመልእክት አገልግሎት በሊኑክስ ላይ የሚያስጠቅም ፕሮግራም ጽፎ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገ፤ ፕሮግራሙም በ2007 ፒጂን ተባለ። በዚያው ዓመት በወጣው 2.0 ስሪት፣ ከሰርቨር ጋር የሚነጋገረው ሞተር ሊብፐርፕል በሚል ስም ለዓይን ከሚታየው መስኮት ተለይቶ ቆመ። ለማክ ኮምፒዩተር የተሠራው አዲየምም የራሱን መስኮት ቀርጾ ያንኑ ሞተር ተጠቅሟል። ለየአገልግሎቱም ራሱን የቻለ ተሰኪ ክፍል ስለተበጀለት፣ የኤኦኤል አገልግሎት በ2017 ሲዘጋ ከጥቅም ውጭ የሆነው አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ፒጂን ግን ማንም የራሱን ሰርቨር ሊያቆምበት በሚችለው ክፍት ሥርዓት፣ በኤክስኤምፒፒ፣ ማወያየቱን ቀጠለ።

ተማሪዎቻችንም ሥራቸውን እንዲህ ከፋፍለው ኮዱን ክፍት ቢያደርጉ፣ የድካማቸው ፍሬ ከአንድ ድርጅት ዕድሜ ይሻገራል።