የሞቱት ስንት ናቸው? ወረርሽኙስ መቼ ያልፋል?

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



ወረርሽኝ በገባበት አገር ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ከሰው አፍ አይጠፉም። አንደኛው «ስንት ሰው ሞተ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «መቼ ይበርዳል?» የሚል ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ጀምሮ እኛም ደጋግመን የተጠየቅነው ይህንኑ ነው። በዚያን ጊዜ በሪፖርታችን ላይ «በአካባቢያችን በበሽታው የሞተ የለም» ብለን የጻፍንበት ወቅት ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን መጻፍ የነበረብን «ተመርምሮ የታወቀ የለም» ብለን ነበር። ሁለቱ አባባሎች ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን አንዱ እውነት ነው፣ ሌላው ግምት ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁለቱን ለይተን እንድናውቅ ነው።

1. ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

አንድ ሰው በወረርሽኝ ሞተ ተብሎ በመዝገብ እንዲገባ ብዙ ደጆችን ማለፍ አለበት። ታሞ ጤና ጣቢያ መድረስ፣ መመርመር፣ ውጤቱ መታወቅ፣ የሞቱ ምክንያት መጻፍ፣ ወረቀቱም ወደ በላይ መሥሪያ ቤት መላክ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሟቹ ይለቀስለታል፣ ይቀበራልም፤ በቁጥሩ ውስጥ ግን አይገባም። በአገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለ ሆነ፣ በቤቱ አርፎ በሰፈሩ የሚቀበር ብዙ ሰው ሳይመዘገብ ይቀራል።

ይህ ችግር ግን የእኛ ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ዘመናት የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በሚያዝያ 2020 በቻይና የዉሃን ከተማ ቀድሞ ባልተቆጠሩ 1,290 ሟቾች የተነሣ ቁጥሯን ወደ 3,869 ከፍ አደረገች። በነሐሴ 2020 እንግሊዞች «በበሽታው ሞተ» የሚባለው ከተመረመረ በ28 ቀን ውስጥ የሞተ ብቻ ነው ብለው ደንባቸውን ሲለውጡ፣ ከቁጥራቸው ላይ ከ5,000 በላይ ቀነሱ። በግንቦት 2021 መጨረሻ ደግሞ ፔሩ መዝገቧን መርምራ ከ69,000 በላይ የነበረውን ቁጥር ወደ 180,764 አሳደገች። በእነዚያ ቀናት ሙት አልተነሣም፤ ያን ያህል ሰውም በአንድ ሌሊት አልሞተም። የተለወጠው የአቆጣጠሩ ደንብ ነው።

2. ከተለመደው በላይ የሆነው ሞት

ታዲያ እውነቱን በምን እንቅረበው? ሊቃውንት የሚጠቀሙበት አንድ መንገድ አለ፤ ይኸውም በምን እንደ ሞቱ ሳይጠይቁ የሞቱትን ሁሉ መቁጠርና ከቀድሞዎቹ ዓመታት ጋር ማስተያየት ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። ቁጥሮቹ ለመማሪያ ያህል የቀረቡ ናቸው። አንድ ዕድር ባለፉት አምስት ዓመታት በታኅሣሥና በጥር ወራት ድንኳን የተከለው ሲያንስ 4 ጊዜ፣ ሲበዛ 8 ጊዜ ነው፤ በአማካይ 6 ጊዜ ይሆናል። ዘንድሮ ግን በእነዚሁ ወራት 15 ጊዜ ተከለ። ስለዚህ ወደ 9 የሚሆን ትርፍ ሞት አለ ማለት ነው። ቢሆንም «ዘጠኙም በወረርሽኙ ሞቱ» ማለት አንችልም። ምናልባት አንዲት እናት ምጥ ሲጠናባት መጓጓዣ አላገኘች ይሆናል፤ ምናልባት አንድ የስኳር ሕመምተኛ በሽታውን ፈርቶ ከሐኪም ቤት ቀርቶ ይሆናል። እንግዲህ ይህ መንገድ የጉዳቱን ስፋት ያሳየናል እንጂ የእያንዳንዱን ሰው የሞት ምክንያት አይነግረንም።

የዓለም የጤና ድርጅት በዚህ መንገድ አስልቶ በ2020 እና በ2021 በዓለም ላይ ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው 14.9 ሚሊዮን ገደማ ነው ብሏል። በመንግሥታት የተነገረው ግን 5.4 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ድርጅቱ በአንድ ቁጥር ሳይወሰን ከ13.3 እስከ 16.6 ሚሊዮን ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። እንዲህ ያለ ስፋት ማስቀመጥ የድክመት ምልክት አይደለም፤ የሚያውቁትን ያህል ብቻ መናገር ነው።

በእኛም አገር መቃብር ምስክር ሆኖ ያውቃል። በአዲስ አበባ ከ2001 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመቃብር ቦታዎች ቀብሮችን እየመዘገቡ የኤድስን ጉዳት አጥንተዋል። ቀደም ባለው ዘመን፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከተማይቱን ሲመታ ቆጣሪ አልነበረም። በከተማው 10,000 ያህል ሰው አልቋል የሚባለውም ግምት ነው። በዓለም ላይ በዚያ በሽታ ያለቀውን ሕዝብ በ1927 የጻፉ ሰው 21 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብለው ነበር፤ በ2002 የወጣ ጥናት ግን ወደ 50 ሚሊዮን፣ ምናልባትም እስከ 100 ሚሊዮን ይደርሳል አለ። ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱት ገና ተቆጥረው ካላለቁ፣ በሳምንት ውስጥ ትክክለኛ ቁጥር ስጡን ማለት አይገባንም።

3. ጫፉን ማወቅ ለምን ያስቸግራል?

በጉም ውስጥ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ መሬቱ ጥቂት ሜዳ ሲሆንለት ጫፍ የደረሰ ይመስለዋል። ጉሙ ሲገለጥ ግን ሌላ ዳገት ከፊቱ ይቆመዋል። ወረርሽኝም እንዲሁ ነው፤ ጫፉ የሚታወቀው ከወረድን በኋላ ነው። ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው።

ሀ) ወሬው ዘግይቶ ይደርሳል። በኮሮና የተያዘ ሰው ሕመሙ የሚሰማው ከቀናት በኋላ ነው፤ የሚሞትም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ሪፖርቱ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ የምንሰማው ሞት ካለፈው ወር የመጣ ደብዳቤ ነው። የመጨረሻዎቹ ቀናት ሪፖርትም ገና ተጠቃሎ ስለማይገባ ቁጥሩ ሁልጊዜ የሚቀንስ ይመስላል።

ለ) በሽታው ራሱ ይለወጣል። በ2021 መጀመሪያ ላይ በህንድ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስለ ነበር ብዙዎች አለፈልን ብለው ነበር። ዴልታ የተባለው ዝርያ ሲስፋፋ ግን ሚያዝያና ግንቦት ከቀድሞው እጅግ የከፋ ሆነ።

ሐ) ሰው ትንቢቱን ሰምቶ አካሄዱን ይለውጣል። ዮናስ ነነዌ በአርባ ቀን ትገለበጣለች ብሎ ሰበከ፤ ሕዝቡ ሰምቶ ተመለሰ፤ ከተማይቱም ዳነች። ዮናስ ቃሌ ሳይፈጸም ቀረ ብሎ ቢያዝንም ማስጠንቀቂያው ሥራውን ሠርቶ ነበር። የጤና ባለሙያ «ካልተጠነቀቃችሁ ብዙ ሰው ይሞታል» ብሎ ሰዎች ቢጠነቀቁና ሞቱ ቢያንስ፣ ዋሽቷል አንበለው።

ይሁን እንጂ በትክክል የሚስት ትንበያም አለ። በመጋቢት 2020 አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት ተቋም፣ ሞቱ በሚያዝያ ጫፍ ደርሶ በአራት ወር ውስጥ 81,000 ያህል ሰው ይሞታል ብሎ ገምቶ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ግን የሟቾቹ ቁጥር 150,000 ደርሶ ነበር፤ ከሚያዝያው የበለጠው ጫፍም በጥር 2021 መጣ። ሆኖም ተቋሙ ከ38,000 እስከ 162,000 ሊሆን እንደሚችል አብሮ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው የያዘው የመካከሉን ቁጥር ብቻ ነው።

4. እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንመዝግብ። በየጉባኤው የቀብር መዝገብ ይኑር። የሞተበት ቀን (እኛ የሰማንበት ቀን ሳይሆን)፣ ዕድሜ፣ ጾታና ቀበሌ ይጻፍ። የሞቱን ምክንያት ግን ከራሳችን አንጨምር። የዕድር ጸሐፊዎችንም እንጠይቅ፤ ደብተራቸው ብዙ ያውቃልና።

ሁለተኛ፣ በሪፖርታችን የታወቀውንና የተገመተውን ለየብቻ እናስቀምጥ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ርዳታ ይበዛል ብለን አንጨምር፤ ጉባኤው እንዳይደነግጥ ብለንም አንቀንስ። ሁለቱም ሐሰት ነው፤ ሁለቱም በኋላ የሚጎዳው ችግረኛውን ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ሳምንት ቁጥሩ ስለ ቀነሰ ሥራ አናቁም። የተቀመጠው ሳሙናና እህል ከመከፋፈሉ በፊት፣ ሽማግሌዎችም ወደ ትልቅ ስብሰባ ከመጠራታቸው በፊት፣ ቅነሳው ለብዙ ሳምንታት መቀጠሉን እንይ።

አራተኛ፣ «በዚህ ቀን ያልፋል» ብለን ለሕዝብ ቀን አንቁረጥ። «አናውቅም፤ እስከዚያው ግን ይህን እናድርግ» ማለት አያሳፍርም።

ሳይቆጠሩ የተቀበሩት ወገኖቻችን በቁጥር ባይገቡም በየቤታቸው ባዶ ቦታ ትተዋል። የምንቆጥረው ለሪፖርት ማድመቂያ ሳይሆን፣ የትኛው ቤት እናት አጣ፣ የትኛው ሕፃን ያለ አሳዳጊ ቀረ የሚለውን ለማወቅ ነው።

ለውይይት

1. ባለፉት ሦስት ዓመታት በጉባኤያችን ስንት ሰው አረፈ? ከመዝገብ መመለስ እንችላለን ወይስ በማስታወስ ብቻ?
2. ያለፈው ሪፖርታችን ውስጥ እንደ እውነት የተጻፈ ግምት አለን?
3. ወረርሽኝ ዳግመኛ ቢነሣ፣ ሥራ ለማቆም ወይም ለመቀጠል የምንወስነው ምን አይተን ነው?