መቃብሩ ለማይታወቅ ልጅ የሚቀርብ ጸሎት

ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተካሄደው ጦርነት፣ በባድመና በዛላምበሳ ግንባሮች ከወደቁት ወጣቶች የብዙዎቹ አስከሬን ወደ ወላጆቻቸው አልተመለሰም። ለቤተ ሰብ የደረሰው መርዶ ብቻ ነበር። «መቃብሩን ሳላይ ተዝካሩን እንዴት ላውጣ?» ለምትል እናት ምን እንመልስላት?

በሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፣ ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት የወደቁትን ወታደሮች ሊያስቀብር በሄደ ጊዜ፣ ከልብሳቸው ሥር የጣዖት ክታብ ተገኘባቸው። እርሱ ግን አልተዋቸውም፤ 2000 ድራህም ብር አሰባስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ ያደርግ ነበርና።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ልጃችን ጀግና ቢባልም ውዳሴ ብቻ አይበቃውም፤ ምሕረትን እንለምንለት። ሁለተኛ፣ ጸሎታችን በመቃብር አይወሰንም። መቃብሩ ባይታወቅም የክርስትና ስሙን ለካህኑ እንስጥ፤ በመሥዋዕተ ቅዳሴ ይታሰባል። ስሙ በሚጠራበትም ጊዜ፣ በወዲያኛው ምሽግ የወደቀውን የሌላዪቱን እናት ልጅ አብረን እናስብ፤ ሁለቱም የአንዱን አምላክ ምሕረት ይሻሉና።