የፈረሰው ቅስት የቱ ነው?

ሞጣ አካባቢ «ሰባራ ድልድይ» ሲባል የማያውቀው የለም። በአፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ ተሠርቶ ጎጃምን ከጎንደር ሲያገናኝ የኖረ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስት ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስልሳ ዓመት ያህል ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ክፍተቱን ሲሻገር ኖረ። በዳታቤዝ ላይ የመጀመሪያ ትሪገሬን የጻፍኩ ሰሞን ይህ ድልድይ ከሐሳቤ አልወጣም።

ሥራው ቢቸና ላለ አንድ የእህል መጋዘን ነበር። ገበሬው ጤፉን ሲያስመዝን ጸሐፊዋ ኩንታሉን «ገቢ» በሚባለው ሰንጠረዥ ትመዘግባለች፤ ቀጥላም «ክምችት» የሚባለውን ከፍታ በእጇ ትደምራለች። ገበያው ሲደራ ሁለተኛው ይረሳል። ትሪገር የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ የጠመንጃ ቃታ ማለት ነው። ገቢው ላይ አንድ መስመር ሲጻፍ ቃታው ይሳባል፤ ዳታቤዙ ራሱ ክምችቱን ይደምራል።

የመጀመሪያ ሙከራዬን የምሠራበት ዳታቤዝ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ስህተት 1064 ብሎ መለሰው። በትሪገሩ ሆድ ውስጥ ያለውን ሴሚኮለን የትእዛዙ መጨረሻ አድርጎ አንብቦት ነው። በ«ዴሊሚተር» የማብቂያ ምልክቱን ለጊዜው ቀየርኩ፤ አለፈ።

ቀጣዩ ስህተት ግን ድምፅ አልነበረውም። አሥር ኩንታል ጤፍ አስገባሁ፤ የጤፉ ክምችት በአሥር ጨመረ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል ዓይኔ ስንዴው ላይ አረፈ። እሱም በአሥር ጨምሯል። ሽምብራውም፣ ባቄላውም እንደዚያው። የትኛው እህል እንደሚደመር የሚናገረውን «ዌር» የሚለውን ክፍል ሳልጽፍ ቀርቼ፣ አንድ ገበሬ ያመጣው ጤፍ መጋዘኑን በሙሉ ሞልቶታል።

ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እኔም ሁሉንም ሰርዤ ከዜሮ ልጀምር እጄን ሰንዝሬ ነበር። ነገር ግን ዓባይ ላይ የፈረሰው አንድ ቅስት ነው፤ የቀሩት ቆመዋል። የእኔም ትሪገር ተነሥቷል፣ መጠኑን በትክክል አንብቧል፣ ደምሯል። የጎደለው አንድ ሐረግ ብቻ ነበር። ስለዚህ ትሪገራችሁ እንቢ ሲላችሁ እስከ ክፍተቱ አፋፍ ሂዱና እዩት። በሆዱ ያለውን ትእዛዝ አውጥታችሁ ለብቻው አስኪዱት። አንድ ትንሽ የመከታተያ ሰንጠረዥ ሥሩና ትሪገሩ «ኒው» ብሎ የያዘውን ዋጋ እዚያ ይጻፍላችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በተለመደው የማይኤስኪውኤል የሰንጠረዥ ማከማቻ፣ በኢኖዲቢ ላይ ትሪገሩ በስህተት ከቆመ መከታተያው ላይ የተጻፈውም አብሮ ይሰረዛል። ባዶ ሆኖ ብታገኙት ትሪገሩ አልተነሣም ብላችሁ አትደምድሙ።

ኑግ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ዕለት ደግሞ ክምችቱ ንቅንቅ አላለም። ለኑግ የተከፈተ መስመር ስላልነበረ የሚታደስ ነገር አልተገኘም፤ ዳታቤዙም ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም። መስመሩ ከሌለ እንዲከፍት፣ ካለ እንዲደምር አድርጌ ጻፍኩት።

ከሁሉ የታገለኝ ስህተት 1442 ነው። ጠቅላላ ዋጋውን አስልቼ እዚያው አሁን የተመዘገበው መስመር ላይ ልጽፍ ፈለግሁ። «አፍተር ኢንሰርት» የተባለው፣ መስመሩ ከተጻፈ በኋላ የሚነሣው ትሪገር ራሱን የቀሰቀሰውን ሰንጠረዥ መልሶ እንዲቀይር ማይኤስኪውኤል አይፈቅድም። ሦስት ቀን እዚያው ቦታ ላይ ጠጋገንኩ።

የሰባራ ድልድይ ታሪክም እንዲህ ያለ ምዕራፍ አለው። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ በገመድ የሚጎተቱትን ሰዎች ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አይቶ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተደፈነ። በ2005 ጎርፍ መጥቶ ወሰደው። ያን ሁሉ ድካም ውኃ ሲበላው ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት! ሆኖም ተመልሰው መጡ፤ በ2009 በገመድ የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ሰዎቹ ዓላማቸውን አልለወጡም፤ አሠራሩን ግን ለወጡ።

እኔም በአራተኛው ቀን ትሪገሩን «ቢፎር ኢንሰርት» አደረግሁት። ዋጋው መስመሩ ከመጻፉ በፊት ይሰላል፣ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይገባል። ሦስት ቀን ያልሆነልኝ ነገር በሁለት መስመር አለቀ። ያን ሦስት ቀን ዛሬ አልቆጭበትም። በፊት የሚሠራውንና በኋላ የሚሠራውን ትሪገር ዳግም እንዳላምታታ ያስተማረኝ እሱ ነው።

እናንተም የሞከራችሁት እንቢ ብሏችሁ የተዋችሁት ትሪገር ካለ ዛሬ ማታ ክፈቱት። በሙከራ ዳታቤዝ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ አስገቡ፤ ከዚያ የጤፉን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም እህል ክምችት አንድ በአንድ ተመልከቱ።