ድርሻን በትክክል ማወቅ፦ ረጅሙን የማካፈል ስሌት ከልጆቻችን ጋር እንማር



ዛሬ የምናነሳው ብዙ ተማሪዎችን የሚያስቸግረውን ረጅም የማካፈል ስሌት ነው። በሒሳብ ትምህርት የማካፈል ውጤት «ድርሻ» ይባላል። ይህ ቃል ለየቲም ልጅ ከደብተር ያለፈ ትርጉም አለው። በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ የቲሞች ለአቅመ ጋብቻ ሲደርሱ ብስለታቸው እንዲፈተን፣ ብስለት ከታየባቸውም ገንዘባቸው በምስክር ፊት እንዲሰጣቸው ታዟል። እንግዲህ ገንዘቡን የሚረከብ ልጅ ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ ራሱ አስልቶ ማወቅ ይገባዋል።

ሀ. ሙሉ ቁጥሮችን ማካፈል

የሚከፋፈለው ቁጥር ተካፋይ፣ የሚያካፍለው አካፋይ፣ የሚተርፈው ቀሪ ይባላል። ስሌቱ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሲሆን አራት ተግባራት ይደጋገሙበታል፦ ማካፈል፣ ማባዛት፣ መቀነስ፣ ቀጣዩን አኃዝ ማውረድ።

ለምሳሌ 7,420 ብር ለ7 ልጆች እኩል ይከፋፈል እንበል። 7 ለ7 ሲካፈል 1 ይሆናል፤ በሺህ ቤት 1 እንጽፋለን። 7 ከ7 ሲቀነስ ምንም አይተርፍም። 4ን እናወርዳለን። 4 ለ7 ስለማይበቃ በመቶ ቤት 0 እንጽፋለን። 2ን ስናወርድ 42 ይሆናል፤ 42 ለ7 ሲካፈል 6 ነው። የመጨረሻውን 0 አውርደን በአንድ ቤት 0 እንጽፋለን። ድርሻው 1,060 ብር ነው።

ልጆች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «አይበቃም» ብለው ዜሮውን ሳይጽፉ ያልፉና 160 ብር ያገኛሉ። ስህተቱን የሚያጋልጠው ማባዛት ነው፦ 160 በ7 ሲባዛ 1,120 ብቻ ይሆናል። 6,300 ብር የት ገባ? አንዲት ዜሮ በመዘለሏ ከእያንዳንዱ ልጅ 900 ብር ጎድሏል። ስለዚህ ልጁ ስሌቱን በጨረሰ ቁጥር ድርሻውን በአካፋዩ አባዝቶ፣ ቀሪ ካለም ደምሮ፣ ተካፋዩን መልሶ ማግኘቱን እንዲያረጋግጥ እናስለምደው።

ለ. ቀሪውን በአስርዮሽ መቀጠል

ለአንድ ልጅ የዓመት ወጪ የተሰጠ 1,530 ብር ለ12 ወራት ይከፋፈል። 15 ለ12 ሲካፈል 1 ደርሶ 3 ይተርፋል። 3ን ስናወርድ 33 ይሆናል፤ 2 ደርሶ 9 ይተርፋል። 0ን ስናወርድ 90 ይሆናል፤ 7 ደርሶ 6 ይተርፋል። እስካሁን ድርሻው 127፣ ቀሪው 6 ነው። ነገር ግን ቀሪው 6 ብርም የልጁ ገንዘብ ስለሆነ ሊተው አይገባም። ከ127 በኋላ ነጥብ አድርገን፣ ከ6 አጠገብ ዜሮ ጨምረን 60ን ለ12 እናካፍላለን፤ 5 ይሆናል። የወሩ ድርሻ 127.5፣ ማለትም 127 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

ይህ የአጻጻፍ ስልት ከእኛ ታሪክ ሩቅ አይደለም። አቡል-ሐሰን አል-ኡቅሊዲሲ በ341 ዓመተ ሂጅራ (952 እ.ኤ.አ.) ገደማ በደማስቆ በጻፈው የስሌት መጽሐፍ የአስርዮሽ ክፍልፋዮችን ተጠቅሟል።

ሐ. አካፋዩ አስርዮሽ ሲሆን

91 ሜትር ጨርቅ አለ፤ አንድ የደንብ ልብስ 2.6 ሜትር ይፈጃል። ለስንት ልጅ ይበቃል? አካፋዩን ሙሉ ቁጥር ለማድረግ ሁለቱንም በ10 እናባዛለን፤ ስሌቱ 910 ለ26 ይሆናል። ሁለቱም በእኩል ስለሚያድጉ ድርሻው አይለወጥም። 91 ለ26 ሲካፈል 3 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ 0ን ስናወርድ 130 ይሆናል፤ 5 ይደርሳል። መልሱ 35 ልጆች ነው። የአካፋዩን ነጥብ ብቻ ያነሳ ተማሪ 3.5 ያገኛል። «91 ሜትር ጨርቅ ለአራት ልጅ እንኳ አይበቃም?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ግን ስህተቱ ወዲያው ይገለጥለታል።

መ. መልመጃ

አንድ አባት ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ሞተ፤ ሌላ ወራሽ የለም። የቀብር ወጪው፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ 45,600 ብር ቀረ። ልጆች ስላሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ ይደርሳታል፤ ቀሪው በ4 እጅ ተከፍሎ ወንዱ ሁለት እጅ፣ ሴቶቹ አንድ አንድ እጅ ይወስዳሉ። በመጀመሪያ 45,600ን ለ8፣ ከዚያም ቀሪውን ለ4 አካፍሉ።

መልስ፦ ሚስት 5,700፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 9,975፣ ወንዱ ልጅ 19,950 ብር። ሲደመር በትክክል 45,600 ይመጣል።

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚም በአልጀብራ መጽሐፉ ሰፊውን ክፍል የሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ የኑዛዜና የውርስ ስሌት ነበር። እውነተኛ ውርስ ሲያጋጥም ግን ድርሻዎቹን ለመለየት ዓሊሞችን መጠየቅ ግድ ነው።

ውድ አሳዳጊዎች! ልጁ ከመጀመሩ በፊት የአካፋዩን ብዜቶች በወረቀቱ ጠርዝ እንዲጽፍ፣ እያንዳንዱንም አኃዝ በራሱ ቤት ሥር እንዲያውል እርዱት። በቀን ሦስት ጥያቄ በርጋታ መሥራት በሳምንት አንድ ቀን ሃያ ጥያቄ በጥድፊያ ከመሥራት ይሻላል። እናንተም ውድ ለጋሾች! ከገንዘባችሁ ጋር ከአንድ የቲም ልጅ ጎን ተቀምጣችሁ የምታስረዱበት ግማሽ ሰዓት ካላችሁ አትንፈጉት። ዛሬ ስሌቱን የለመደ ልጅ ነገ የራሱንም የሌላውንም ድርሻ ጠባቂ ይሆናልና።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናችንን በአግባቡ የምንወጣ ያድርገን።