ደረጃ መውጣት ለተሳናቸው ሰዎች ስለሚሆን የቤት አሳንሰር

በሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው ቤቶቻችን መውጫና መውረጃ ይበዛባቸዋል። በጥንቱ የሐረሪ ቤት ሰው የሚቀመጥባቸው ነደባዎች ራሳቸው እንደ ሰፊ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው። ከላይም ቁቲ ቀላ የሚባለው ክፍል አለ፤ እርሱም ቀድሞ የእህልና የዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ሲሆን በኋላ በብዙ ቤት መኝታ ሆኗል። እህል ወደ ላይ ሲወጣ ጉልበቱን አያመውም፤ ሰውን ግን ያመዋል።

ይህን እንድመረምር ያነሣሡኝ አያቴ ናቸው። የሚተኙት በፎቁ ላይ ነው። ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ጎረቤት ሳይጠይቁ ወራት ያልፋሉ፤ ቡናም ከሰው ጋር የሚጠጡት ሰው ወደ እርሳቸው ሲወጣ ነው። ባለፈው ክረምት ለቅሶ ለመድረስ አጎቴ አዝሎ አወረዳቸው። ሲመለሱ «ከእንግዲህ እንደ ሕፃን ታዝዬ ሰው ፊት አልቀርብም» አሉ።

እኔም ሜትር ይዤ ደረጃውን ለካሁ። ቁጥሩ 16፥ የእያንዳንዱ ከፍታ 19 ሣንቲሜትር ስለሆነ፥ ጠቅላላው 3 ሜትር ከ4 ሣንቲሜትር ነው። ስፋቱ ግን 62 ሣንቲሜትር ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር አንባቢ ያስታውስልኝ።

በመጀመሪያ ያሰብሁት ደረጃ የሌለው ዘቅዛቃ መወጣጫ ነበር። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመከረው ግን ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ለኛ ቤት ከ36 ሜትር በላይ ሊሆን ነው፤ ግቢያችንን አልፎ ጎረቤት ይገባል።

ቀጥሎ፥ ሰውን ወደ ላይ የሚያነሣ መኪና ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል ብዬ አሰላሁ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 3 ሜትር ለማንሣት የሚያስፈልገው ሥራ 70 × 9.8 × 3 = 2,058 ጁል ነው። ይህም ባለ 100 ዋት አምፑል በ20 ሰከንድ ያህል ውስጥ የሚጨርሰው ነው! እርግጥ መኪናው በፍትጊያ ብዙ ያባክናል፥ የራሱንም ክብደት ይሸከማል፤ ቢሆንም ችግሩ የኤሌክትሪክ አለመሆኑን ተረዳሁ።

ብዙ ሰው አሳንሰርን (ቃሉን ከፈረንሳዮች ወስደን ዛሬ ሊፍት የምንለውን) የሚፈራው ገመዱ ይበጠሳል ብሎ ነው። ይህን ፍርሃት ያቃለለው አሜሪካዊው ኤሊሻ ኦቲስ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1854 በኒውዮርክ ኤግዚቢሽን በሕዝብ ፊት ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠ፤ መድረኩም ጥቂት ብቻ ወርዶ ቀጥ አለ። ብልሃቱ ይህ ነው፤ ገመዱ ክብደት ተሸክሞ ሲወጠር የብረት ሞላውን ይስባል፤ ሲበጠስ ሞላው ተለቅቆ በግራና በቀኝ ያሉትን ጥርሳም ሐዲዶች ይነክሳል። በ1857 በዚያው ከተማ ባለ አምስት ፎቅ መደብር ውስጥ የሰው አሳንሰር ተተከለ።

ለመኖሪያ ቤት ከሚሠሩት አንዱ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ወንበር ነው። ሐዲዱ የሚታሰረው ከደረጃው ጋር ስለሆነ ግድግዳ አያስፈርስም። ብዙዎቹ በባትሪ ስለሚሠሩ መብራት ቢጠፋ ሰውን መካከል ላይ አያስቀሩም፤ ይህም ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተቀማጩ ጉልበት ወደ ፊት ስለሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ 70 ሣንቲሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። የኛ 62 ነው። ለጠባብ ደረጃ ቆሞ የሚኬድበት ዐይነት አለ፤ አያቴን ያቃታቸው ግን መቆሙ ራሱ ነው። ደረጃችሁ ሰፊ የሆነ ጓደኞቼ ወንበሩን ሳትመረምሩ አትለፉ።

ሌሎቹ ቀጥ ብለው ወለሉን ሰንጥቀው የሚያልፉ ናቸው። አንዳንዱን ዘይት ይገፋዋል፤ አንዳንዱ በረጅም ብሎን ይወጣል። እጅግ የገረመኝ በአየር የሚሠራው ነው። ሰው በክብ ቱቦ ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ይገባል፤ ፓምፑ ከላይ ያለውን አየር ሲመጥ የታችኛው አየር ክፍሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። የቱቦው ስፋት ግማሽ ሜትር ካሬ ቢሆን፥ 150 ኪሎ ለማንሣት 3,000 ፓስካል ያህል የግፊት ልዩነት ይበቃል። የሐረር አየር በከፍታው ምክንያት ሳሳ ያለ ቢሆንም፥ ይህ ከግፊቱ ከመቶ 4 እጅ አይሞላም።

ሆኖም እነዚህ ወለል ያስቆርጣሉ። የኛ ፎቅ የተሸከመው በእንጨት ነው፤ አንዱ ቢቆረጥ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ግድግዳውም ድንጋይና ጭቃ ነው። ደግሞም ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለገባ፥ ማንም እንዳሻው የሚያፈርሰው አይደለም። ይህን እደግፋለሁ፤ ግን ቅርሱን ጠብቀው ያቆዩልን አዛውንት በቅርሱ ውስጥ ታስረው መቅረታቸው ያሳዝነኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ ያዘዘው ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ነበር። የመኖሪያ ቤትን ደረጃ ቤተሰቡ ራሱ ይዘይድለት ማለት ነው።

እኛም ከአጎቴ ጋር ተመካክረን ወደ ጥንቱ ቤት ሠሪዎች ሐሳብ ተመለስን። በምድር ቤት የነበረውን የእህል ክፍል አጽድተን በጥቅምት የአያቴን አልጋ አወረድን፤ እህሉንም ወደ ፎቁ አወጣን። አያቴ በማግስቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ጎረቤት ቡና ሊጠጡ ሄዱ። ጆንያውን የማወጣው እኔ ነኝ፤ 50 ኪሎ ስለሆነ በየጊዜው 1,470 ጁል ነው፥ የራሴን ክብደት ሳልቈጥር።