ስለ ድርሰት ባለቤትነትና ስለ ቅጂ መብት

ተማሪ ያለ መጽሐፍ፥ መጽሐፍም ያለ ደራሲ ሊኖር እንደማይችል የታወቀ ነው። ዳሩ ግን እኛ ተማሪዎች ስለ መጽሐፍ ዋጋ የምንነጋገረውን ያህል ስለ ደራሲው መብት ስንነጋገር አንሰማም። ስለዚህ የቅጂ መብት ምን እንደ ሆነና እኛን በምን እንደሚመለከተን በዚህ ጽሑፍ በመጠኑ ለመመርመር አስበናል።

በመጀመሪያ፥ የሰውን ድርሰት አለመውሰድ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ እየቈጠረ ለመምህሩ ያቀርባል፤ የመምህሩን ቅኔ የሚያጠናው መንገዱን ለማወቅ እንጂ የእኔ ነው ለማለት አይደለም። «ቅኔ ዘረፈ» የሚባለውም ከራሱ አፈለቀ ለማለት ነው እንጂ የሰው ወሰደ ለማለት አይደለም። ነገር ግን ይህ ልማድ የሚጠብቀው የባለቅኔውን ክብር ነው። ማተሚያ መኪና መጥቶ አንዱን ድርሰት በሺህ ማባዛት ሲቻል፥ ከክብሩ ሌላ የድካሙን ዋጋ የሚጠብቅ የተጻፈ ሕግ አስፈለገ።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1710 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለአዲስ መጽሐፍ ደራሲ የ14 ዓመት መብት ሰጠ፤ ደራሲው በሕይወት ካለም ሌላ 14 ዓመት ይጨመርለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ደግሞ ልዩ ልዩ መንግሥታት በስዊስ አገር በበርን ከተማ ስለዚሁ ጉዳይ ስምምነት አደረጉ። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደነገገ። ይህ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተተካ፤ አዋጁም በ2007 ዓ.ም. ተሻሻለ።

አዋጁ ለደራሲው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጠዋል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ይኸውም ሥራውን የማባዛት፥ የመተርጐምና የመሸጥ ሥልጣን ነው። ሁለተኛው የሞራል መብት ሲሆን፥ ስሙ እንዲጠራና ድርሰቱ ክብሩን በሚነካ አኳኋን እንዳይለወጥ ይጠብቃል። የኢኮኖሚው መብት ደራሲው እስኪሞት የእርሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ይሆናል። ለምሳሌ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያረፈው በ1998 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በዚህ ሒሳብ የሥራዎቹ መብት እስከ 2048 ዓ.ም. ይዘልቃል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ዕውቀትን በቁልፍ አልዘጋም። የሚጠብቀው ሐሳቡን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጠበትን ቃልና አቀራረብ ነው። አንድ ሰው ስለ ዐድዋ ጦርነት መጽሐፍ ቢጽፍ፥ ጦርነቱ በ1888 ዓ.ም. መደረጉና ምክንያቱ የማንም ንብረት አይደለም፤ የእርሱ የሆነው አረፍተ ነገሩና የነገሩ አሰካክ ነው። ከመጽሐፉም ጥቂት ቃል የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም ጠርቶ መጥቀስ ይፈቀዳል። ለግል ጥናት ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ማንሣትም ይቻላል፤ ሙሉውን መጽሐፍ በፎቶኮፒ ማባዛት ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም።

«መጽሐፉ ውድ ነው፤ ተማሪ ከየት ያምጣ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው እውነት አለው። ነገር ግን በአንድ ክፍል ካሉት አርባ ተማሪዎች አንዱ ገዝቶ ሠላሳ ዘጠኙ ቢያባዙ፥ ወይም አንዱ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ቢበትነው፥ ደራሲው የሸጠው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። የማተሚያ ቤቱን ዕዳ ያልከፈለ ደራሲ ሁለተኛውን እትም በምን ያሳትማል? በገዛ ቋንቋችን የተጻፈ የትምህርት መጽሐፍ አጣን እያልን የምናማርር እኛው፥ ሊጽፍልን የተነሣውን ሰው ብዕሩን እናስጥለዋለን ማለት ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከአቅማችን በላይ የሆነውን መጽሐፍ ገንዘብ አዋጥተን በጋራ እንግዛ፤ ያልቻልነውን ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስን እናንብብ። ለመምህራን በምናቀርበው ጽሑፍ የሰውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ለይተን ባለቤቱን እንጥራ። ነገ ከመካከላችን ደራሲና ተመራማሪ መውጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ለራሳችን የምንጠይቀውን መብት ዛሬ ለሌላው ካልሰጠን በምን አፍ እንጠይቃለን? አባቶቻችንም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል፤ በጥቂቱም ቢሆን ከራሳችን ያፈለቅነው ይበልጥ ያደምቀናል።